የነጎዳ ዘመን አቆጣጠርና በዓላት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ነጎዳ በካርታ ላይ የምትገኝ አገር አይደለችም። ከእንጦጦ ጀርባ፣ በሱሉልታ መንገድ ዳር ባለው ቤቴ ተቀምጬ የምጽፋቸው ተረቶች የሚፈጸሙባት የፈጠራ ዓለም ናት። ተረቶቹን የሚያነቡ ሰዎች ስለ ገጸ ባሕርያቱ ከሚጠይቁኝ ይልቅ ስለ ቀን አቆጣጠሩና ስለ በዓላቱ የሚጠይቁኝ ስለሚበልጥ፣ መልሶቼን አንድ ቦታ ሰብስቤ ማኖር ተገቢ መስሎ ታየኝ። ጥያቄዎቹን በተቻለ መጠን በጠያቂዎቹ አነጋገር ትቻቸዋለሁ።

የነጎዳ ዓመት እንዴት ይከፈላል?

ዓመቱ 396 ቀናት አሉት። እነዚህም እያንዳንዳቸው 30 ቀን ባላቸው 13 ወራትና ከየትኛውም ወር በማይቆጠሩ 6 ቀናት ይከፈላሉ። ዓመቱ የሚብተው ዝናቡ ሲያባራ ነው፤ በመጀመሪያ ሰማዩ የሚጠራባቸው አምስት የብራ ወራት ይመጣሉ፣ ቀጥሎ ምንጭ የሚደርቅባቸውና ጎተራ የሚራቆትባቸው አራት የጥም ወራት ይከተላሉ፣ በመጨረሻም ደመና መሬት ድረስ የሚወርድባቸው አራት የጉም ወራት ይገባሉ። ወራቱ የየራሳቸው ስም የላቸውም፤ "ብራ ሁለተኛ"፣ "ጥም አራተኛ" እየተባሉ በወቅታቸውና በተራቸው ይጠራሉ።

ወቅቶቹ ለምን ሦስት ብቻ ሆኑ?

በቤተ ክርስቲያናችን ቀመር ዓመቱ በአራት እንደሚከፈል አውቃለሁ፤ መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ እስከ ሰኔ 25፣ ክረምት ደግሞ እስከ መስከረም 25 ይዘልቃል። ነገር ግን ከጎረቤቶቼ ጋር ስለ እርሻ ስናወራ የሚነሣው በጋና ክረምት ነው፤ በመካከላቸው ያለውን ጊዜ "አጨዳ ሲደርስ"፣ "እርሻ ሳይጀመር" እያሉ በሥራው ይጠሩታል። የነጎዳ ሕዝብም ወቅትን የሚለየው ከሰማዩ በሚጠብቀው ነገር በመሆኑ ሦስቱ በቂ ሆነው አገኘኋቸው።

ስለ ሁለቱ ጨረቃዎችና ስለ አንቀልባ ሌሊት በዝርዝር ቢያስረዱን?

ከሁሉም አብልጬ የደከምኩበት ክፍል ይህ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ።

ትልቋ ጨረቃ "እናት" ትባላለች፤ ከሙላት እስከ ሙላት 30 ቀን ይፈጅባታል። ትንሿ ጨረቃ "ልጅ" ትባላለች፤ ለምድሪቱ ይበልጥ የቀረበችና ፈጣን ስለሆነች በየ13 ቀኑ ትሞላለች። 30 እና 13 ከአንድ በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው፣ ሁለቱ በአንድ ሌሊት የሚሞሉት በየ390 ቀኑ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጨረቃ የምትሞላው ከፀሐይ በተቃራኒ ወገን ስትቆም ነውና በዚያ ሌሊት ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ፤ ቅርቧ ልጅም በሩቋ እናት ክብ ላይ ታርፋለች፤ ከመሬት ለሚመለከት ሰው እናትየው የታዘለ ሕፃን ይዛ ሰማዩን የምታቋርጥ ትመስላለች። በዓሉ "የአንቀልባ ሌሊት" የተባለው ስለዚህ ነው። በዚያ ሌሊት ልጅ ያለው ሁሉ፣ ልጁ ጢም ያበቀለ ጎልማሳ ቢሆን እንኳ፣ ለጥቂት እርምጃ ያዝለዋል፤ ማዘል ያቃታቸው ሽማግሎች ደግሞ በልጆቻቸው ይታዘላሉ።

ይሁን እንጂ 390 ቀን ከዓመቱ 396 ቀናት በ6 ያንሳል። በመሆኑም በዓሉ በየዓመቱ 6 ቀን እየቀደመ ወቅቶቹን ሁሉ ይዞርና በ65 ዓመት ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከነዚህ ዓመታት 25ቱን በብራ ውስጥ፣ 20ውን በጥም ውስጥ ያሳልፋል፤ የቀሩትን 20 ዓመታት ግን በጉም ውስጥ ስለሚውል ማንም አያየውም። ሕዝቡ ቀኑን በስሌት ብቻ አውቆ፣ ደመናው ሥር ቆሞ፣ ያልታየች እናትንና ያልታየች ልጅን ያከብራል። የነጎዳ ተረቶች በሙሉ የተወለዱት ከዚህ ስሌት ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ ምክንያቱም በጉሙ ዘመን መጀመሪያ ላይ የተወለደች ልጅ ሃያ ዓመት እስኪሞላት ድረስ በየዓመቱ የምታከብረውን ነገር አንድም ጊዜ ሳታየው ታድጋለች፤ ያየችው በአያቷ አፍ ብቻ ነው።

በ65ቱ ዓመታት ውስጥ በዓሉ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ የሚውልበት አንድ ዓመት አለ። ይህ የሚሆነው የመጀመሪያው በዓል ከዓመቱ መባቻ ስድስት ቀናት በአንዱ ላይ ሲውል ነው፤ ከዚያ 390 ቀን ቢቆጠር ዓመቱ ሳያልቅ ሁለተኛው በዓል ይገኛል። ከዚህ ሁለተኛ በዓል በኋላ የሚመጣው የሃያ ዓመት ጉም በመሆኑ፣ ሌሊቱ "ስንብት" ይባላል።

በዓል እንዲህ መንቀሳቀሱ ለአንባቢ ግራ አያጋባም?

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ግራ የሚያጋባ አይመስለኝም። የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶቹን ሁሉ ይጎበኛል፤ ጎረቤቶቻችን በክረምት ዶፍም በበጋ ሐሩርም ሲጾሙ አይተናል። በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ መዋሉም ቢሆን በፈረንጆቹ 2000 ዓ.ም. የሆነ ነገር ነው፤ ዒድ አልፈጥር በጃንዋሪ መጀመሪያ ከተከበረ በኋላ በዲሴምበር መጨረሻ ደግሞ ተከብሯል። ፋሲካም የሚንቀሳቀስ በዓል ነው፤ የእርሱ መንቀሳቀስ ግን በአጥር ውስጥ ነው።

የነጎዳ አቆጣጠር ከባሕረ ሐሳብ የተቀዳ ነው?

የተቀዳ አይደለም፤ የተማረ ነው ብል ደስ ይለኛል። አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበትን የቤተ ክርስቲያናችንን ቀመር፣ ባሕረ ሐሳብን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በወረቀት ላይ ስሠራው ካስደነቁኝ ነገሮች የመጀመሪያው፣ የፀሐይ ዓመት 365 ቀንና የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ልዩነት የሆነው 11 ቀን ተጥሎ አለመቅረቱ ነው። ሊቃውንቱ ያንን ትርፍ አበቅቴ ብለው ስም ሰጡት፤ ከ30 የሚጎድለውን 19 ደግሞ መጥቅዕ ለተባለው ሌላ ቁጥር መሠረት አደረጉት፤ ከዚያም የጾሙንና የፋሲካውን ቀን ከዚያ አወጡ።

የ2018 ዓ.ም.ን ስሌት ላሳይ። 5500 ላይ 2018 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ፣ ማለትም ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው ዓመት፣ 7518 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንዱ ለዘመን ተትቶ የስሌቱ መነሻ የሆነው ወንበር 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ፣ ማለትም ሠላሳ ሠላሳው ሲጣል፣ አበቅቴው 12፣ 12 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይሆናል፤ የሁለቱ ድምር ምንጊዜም 30 ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለበለጠ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 18 ደግሞ እሑድ ስለሆነ የእሑድ ተውሳክ (ለየዕለቱ የተመደበው ጭማሪ) 7 ተጨምሮበት የነነዌን ቀን የሚሰጠው መባጃ ሐመር 25 ይሆናል። ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ይገባል፤ ከእርሱ 69 ቀን ሲቆጠር ፋሲካ ሚያዝያ 4 ይውላል። ይህን ሁሉ አንድ ሰው መጽሐፍ ሳይገልጥ በጣቶቹ አንጓ ሊያሰላው ይችላል።

ለነጎዳም የፈለግሁት ይህንኑ ነው፤ እረኛ በራሱ ሊያሰላው የሚችል ሰማይ። ቁጥሮቹ ሁሉ ያለ ስንጥር እንዲገጥሙ ያደረግሁትም ሆን ብዬ ነው። በእውነተኛው ሰማይ እንዲህ አይገጥምም፤ የጨረቃ ወር 29.53 ቀን ገደማ፣ የፀሐይ ዓመትም 365.2422 ቀን ገደማ ነው። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት ማድረግ ዓመቱን በአማካይ 365.25 ስለሚያደርገው በ128 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይተርፋል። ፈረንጆቹ ይህን በ1582 አቆጣጠራቸው አርመዋል፤ በ2100 አቆጣጠራቸው ደግሞ አንድ ፌብሩዋሪ 29 ስለሚዘልሉ፣ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 7 የሚውለው ገናችን ከዚያ በኋላ ጃንዋሪ 8 ይውላል። በነጎዳ ሰዎች ስለ ቀን የሚከራከሩት ግን በስንጥር ምክንያት ሳይሆን በጉም ምክንያት ነው፤ ቆጥሮ የተሳሳተ ሰው ስሕተቱን የሚያሳየው ሰማይ ለሃያ ዓመት አያገኝም።

የዓመቶቹ ስሞች ጨው፣ እህል፣ ከብት፣ ሸማና ብረት የሆኑት ለምንድን ነው?

የነጎዳ ሳምንት አምስት ቀን ነው፤ ቀኖቹም የሚጠሩት በዕለቱ ገበያ በሚወጣው ነገር ነው። 30 ለ5 ስለሚካፈል በአንድ ዓመት ውስጥ ወራቱ ሁሉ በአንድ ዓይነት ዕለት ይብታሉ፤ 396 ለ5 ሲካፈል ደግሞ 1 ስለሚተርፍ የሚቀጥለው ዓመት በሚቀጥለው ዕለት ይጀምራል። ዓመቱ የሚጠራው በጀመረበት ዕለት ነው፤ የጨው ገበያ ቀን የጀመረው ዓመተ ጨው ይባላል። እናት ጨረቃም በዓመቱ ትርፍ ምክንያት በየዓመቱ 6 ቀን እየቀደመች በአምስት ዓመት ስለምትመለስ፣ በዓመተ ጨው ወር በገባ በ15ኛው ቀን፣ በዓመተ እህል በ9ኛው፣ በዓመተ ከብት በ3ኛው፣ በዓመተ ሸማ በ27ኛው፣ በዓመተ ብረት በ21ኛው ቀን ትሞላለች። የዓመቱን ስም የሰማ ሰው ገበያውንም ጨረቃውንም አወቀ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተቴን ማረም አለብኝ። በሁለተኛው ተረት ውስጥ በዓመተ እህል የሆነውን የአንቀልባ ሌሊት በወሩ 15ኛ ቀን አድርጌው ነበር። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በደብተሯ አስልታ 9ኛው ቀን መሆን እንዳለበት ነገረችኝ። ልክ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ በተዘጋጀው ቅጂ ተስተካክሏል።

እንደ "ሰኔና ሰኞ" ያለ ክፉ አጋጣሚስ በነጎዳ አለ?

አለ። "ሰኔና ሰኞ ገጠመብኝ" የምንለው ሰኔ 1 ቀን ሰኞ ሲውል ሲሆን፣ ይህም የሚሆነው መስከረም 1 ሐሙስ በዋለበት ዓመት ሁሉ ነው፤ 2018 ዓ.ም. ከነዚህ አንዱ ነው። በነጎዳ የሚፈራው ዓመተ ብረት ነው፤ በዚያ ዓመት የሚገቡት ወራት ሁሉ በብረት ገበያ ቀን ስለሚብቱ፣ ማረሻም ጦርም የሚሸጥበት ዕለት ዓመቱን ይገዛዋል ይባላል።

ስድስቱ የእንግዳ ቀናት ምንድን ናቸው?

ከወር የማይቆጠሩት ቀናት "እንግዶች" ይባላሉ። ወር ስለሌላቸው ዕዳ አይጠየቅባቸውም፤ የውል ቀነ ገደብም አያልፍባቸውም። በእነዚህ ቀናት የመጣ ሰው ማንነቱ ሳይጠየቅ ውሃ ይቀርብለታል፤ የተጣሉ ሰዎችም መጀመሪያ የሚጠያየቁት በእነዚሁ ቀናት ነው፤ ምክንያቱም በእንግዳ ቀን የተረገጠ ደጃፍ እንደ ሽንፈት አይቆጠርም።

ይህን ሳስብ ጳጉሜን በዐይኔ ነበረች። በእኛ ሰፈር ጳጉሜን 3 ቀን፣ በሩፋኤል፣ ዝናብ ሲጥል ልጆች እየጮኹ ይወጣሉ፤ እናቶችም ከጣሪያው አሸንዳ ሥር ባልዲ ይደቅናሉ። ማለዳ ጉሙ ከእንጦጦ ትከሻ ላይ ሲነሣ፣ በመንገዱ ጠርዝ ላይ ትናንት ያልነበረ የአደይ አበባ ቢጫ ይታያል። ቀኖቹ አምስት ወይም ስድስት ብቻ መሆናቸው፣ ደመወዝ የማይከፈልባቸው መሆናቸው፣ ከአሮጌው ዓመትም ከአዲሱም ሙሉ ለሙሉ ያልሆኑ መምሰላቸው ለልቤ ቅርብ ያደርጋቸዋል።

የዘር እራት የሚባለው በዓል ለምን ያዘነ ይመስላል?

የዘር እራት በጥም አራተኛ ወር መጨረሻ፣ ዝናብ ሊገባ ሲል ይከበራል። ወሩ ረኀብ የሚበረታበት ነው። ቤተሰቡ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ከጎታው አውጥቶ በሰፌድ ላይ ያፈስሳል፤ ከዚያም ሁሉም ተቀምጦ፣ ቃል ሳይናገር፣ ፍሬ በፍሬ ይለቅመዋል። ለቀማው እስኪያልቅ እሳት አይነድድም። በመጨረሻ እያንዳንዱ ሰው ከተበላሸው ዘር ላይ አንድ እፍኝ ቆሎ ይደርሰዋል፤ ጥሩው ተመልሶ ይገባል። እራቱ ይኸው ነው።

ይህን በዓል አልፈለሰፍኩትም ማለት ይቻላል። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት በግንቦት መጨረሻ የዘር ገብሳቸውን ደጃፋቸው ላይ ሲለቅሙ ሰላም ልላቸው ቆምኩ። እንዳይነቅዝ በአመድ ለውሰው ያቆዩት ስለነበር እጃቸው እስከ አንጓው ግራጫ ሆኗል። ሰፌዱን ነቅነቅ ሲያደርጉት ገብሱ ወደ አንድ ወገን ሸሸ፤ ነቀዝ የበላው ቀላሉ ፍሬ ከላይ ቀርቶ ጥሩው ወደ ሥር ወረደ። በዚያ ሳምንት በቤታቸው እህል እንዳጠረ አውቅ ነበር። "እማማ፣ ከዚህ ትንሽ አይፈጩም?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና "ልጄ፣ ይኼ እኮ የመስከረም ነው" አሉኝ። ቤት ገብቼ የጻፍኩት ያንኑ ነው። አንባቢዎች በዓሉ ያዘነ መሆኑን ሲነግሩኝ አልከራከርም፤ ነገር ግን በነጎዳ ከሚከበሩት ሁሉ ተስፋው የጠነከረ በዓል እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

የጭስ ቀን ከኅዳር ሲታጠን ጋር ይያያዛል?

አዎን፣ በቀጥታ። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር የዓለሙ ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ሲመታ ብዙ ሰው አለቀ፤ "የኅዳር በሽታ" የተባለውም ያ ነው። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ በእኛ በኩል ነፋስ ከሌለ ጭሱ ከጣሪያዎቹ በላይ ተዘርግቶ ያረፍዳል። ከሚያቃጥሉት ልጆች መካከል ለምን እንደሚያቃጥሉ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። በነጎዳም በብራ ሦስተኛ ወር የሞቱ ሰዎችን መኝታ ያቃጠለ ትውልድ ነበር፤ የልጅ ልጆቹ ግን አሮጌ ምንጣፍ የሚያቃጥሉት ጉሙ ጭሱን አይቶ መንገዱን እንዲያስታውስ ይመስላቸዋል። ትክክለኛውን ምክንያት የሚያውቅ ገጸ ባሕርይ በሦስተኛው ተረት ውስጥ አለ።

የነጎዳ ሕዝቦች ሁሉ አንድ አቆጣጠር ይጠቀማሉ?

አይጠቀሙም፤ ቢጠቀሙ ኖሮ ዓለሟ የሐሰት ትመስለኝ ነበር። እኔ በምኖርበት አካባቢ ብቻ እንኳ፣ ክረምቱ ሲወጣ ውሃ ዳር የሚከበር ኢሬቻና በበጋው ማብቂያ በተራራ ላይ ዝናብ የሚለመንበት ኢሬቻ አለ፤ መስቀልና የሂጅራው በዓላትም በዚያው ሰፈር ይከበራሉ። ራቅ ስንል የሲዳማ ሽማግሎች ከዋክብትንና ጨረቃን ተመልክተው የፊቼ ጨምበላላን ቀን ይወስናሉ። በነጎዳ ደጋ ያለው ሕዝብ ከላይ የተገለጸውን አቆጣጠር ሲከተል፣ ጉም የማይደርስበት ቆላ ያለው ሕዝብ የልጅ ጨረቃን ሙላት ብቻ ይቆጥራል፤ ለእርሱ ዓመት የሚባል ነገር የለም፤ ዕድሜም የሚነገረው በልጅ ሙላት ቁጥር ነው። በደጋው የጉም ሃያ ዓመታት የአንቀልባን ሌሊት በዐይኑ የሚያየው ይኸው ሕዝብ ነው፤ በዓሉ ግን የእርሱ አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ቅሬታም ከዚህ ይጀምራል።

ቀኑ የሚጀምረው ስንት ሰዓት ላይ ነው?

እንደኛው፣ ፀሐይ ስትወጣ ነው። ነጎዳ የቀንና የሌሊት ርዝመት ብዙ በማይለዋወጥበት ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ ይህ አያስቸግርም። ዳሩ ግን የአንቀልባ ሌሊት የሚቆጠረው በዋዜማው ቀን መሆኑን ልብ ይሏል።

የራሴን ዓለም ዘመን አቆጣጠር ለመሥራት ከየት ልጀምር?

ከበዓላት ስም እንዳይጀምሩ እመክራለሁ። በመጀመሪያ ሕዝብዎ ምን እንደሚጠብቅ ይወስኑ፤ ዝናብ ይሁን፣ የወንዝ መጉደል ይሁን፣ የነጋዴ መምጣት ይሁን። ከዚያ ቁጥሮችን ሲመርጡ ያለ ትርፍ የሚካፈሉትን ብቻ አይምረጡ፤ 360 ቀን በ12 ወር የተከፈለበት ዓለም በዓል የሚበቅልበት ስንጥቅ የለውም። ትርፉን አንድ ቦታ ያኑሩትና ሰዎቹ ምን እንደሚያደርጉበት ይጠይቁ። በተጨማሪም በሚኖሩበት ቦታ ለአንድ ዓመት ማስታወሻ ይያዙ፤ የመጀመሪያው አደይ የታየበትን ቀን፣ የቡሄ ጅራፍ መጮኽ የጀመረበትን ማታ፣ ችቦ የጫኑ አህዮች በመንገዱ ያለፉበትን ዕለት ይጻፉ። እኔ ከያዝኩት ማስታወሻ ውስጥ እስካሁን የተጠቀምኩት ጥቂቱን ብቻ ነው።

አሁን የሚጻፈው ተረት በየትኛው ዓመት ላይ ነው?

ከስንብት በኋላ በሃያኛው ዓመት ላይ ነው፤ ዓመቱም ዓመተ ከብት ነው። የአንቀልባ ሌሊት በጉም አንደኛ 3ኛ ቀን ይውላል፤ አይታይም። በሚቀጥለው ዓመተ ሸማ ግን በጥም አራተኛ 27ኛው ቀን፣ በዘር እራት ሰሞን፣ ከጉሙ ይወጣል። የተረቱ ባለታሪክ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አያቷም እስከዚያ ለመድረስ ቀን እየቆጠሩ ነው።